ዘንበል

ማተሚያ ቤታችን እዚህ ነው፣ አፉላ፣
ከአሮጌው መናኸሪያ ኋላ፤
በስተግራ ሱፍ በጨው ሲቆላ፣
በስተቀኝ ሽታዬ ጸጉር ስትሠራ፣
እኛ መሃል ላይ ፊደል እናቃናለን።
አይ፣ ተሳሳትኩ፤ እናዘነብላለን።

ያን ፊደል ሳታዩት አትቀሩም፤
ከሠርግ ጥሪ ራስጌ፣ ከአዳራሽ ደጃፍ አይጠፋም፤
በስግድ ማግስት ጭፈራ፣ በዘፋኝ ፎቶ ግርጌ።
ጫፉ ላይ ጥፍር አለው፣ እንደ አውራ ዶሮ መሬት ጭሮ የሚቆም፤
ሆዱ ወፍራም፣ አንገቱ ቀጭን፤ ሲሄድ እንጂ ቆሞ አይታይም።
ደረቱን አስቀድሞ ይልካል፣
እግሩ ኋላ ይደርሳል።

በትንሹ ግን አይሆንም።
(ይህን ለደንበኛው ሁሉ እላለሁ፤ ማንም አይሰማም።)
አንዴ «ቤት ይከራያል» የሚለውን በጥፍር ልክ ባሳንሰው፣
የ«ቤ»ን ቀለበት ቀለም ደፈነው፤
«ቢት ይከራያል» ሆኖ ሦስት ሳምንት የመብራት እንጨት ላይ ዋለ፤
ባለቤቱ እስከ ዛሬ ሰላም አላለ።
ራብዕም ያስቸግራል፦ ላ፣ ባ፣ ሳ፣
ድሮም ባንድ እግራቸው የቆሙ ናቸው፤
ስታዘነብላቸው የሚወድቁ ይመስላል፤
በጸጉር ስፋት፣ ከዚያ አይበልጥም፣ ደገፍ ማድረግ ይፈልጋል።

ሾታ፣ የሱቁ ጌታ፣ የኩታይሲ ልጅ፣ ዕብራይስጡን ይሠራል።
ዕብራይስጥ ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ይሄዳል፣
ስለዚህ ወደ ግራ ያጋድላል።
የእኔው ከግራ ወደ ቀኝ።
አማርኛውን በግራ፣ ዕብራይስጡን በቀኝ ካደረግናቸው
እንደ ሁለት ምስጢረኞች ግንባር ለግንባር ይነካካሉ፤
ቦታ ካለዋወጥናቸው
እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ይሰጣጣሉ።
ሾታ በዚህ አይራቀቅም፤
«ዋጋው አንድ ነው» ይላል።

ሰኞ ጧት ስጦታው መጣ፣ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ።
«እናቴ አረፈች። ቀብሩ ዛሬ ነው።»
ለሐዘን የማወጣው ሌላ ነው፦ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣
ጥቁር ክፈፍ ውስጥ እጁን አጣምሮ የሚቆም።
«እሱን አይደለም» አለኝ፤ «ያንን። የሠርጉን።»
በጣቱ ግድግዳችን ላይ አሳየኝ
የእኅቱን ጥሪ፣ ሰባት ዓመት የከረመውን።

«እማዬ ማንበብ አትችልም ነበር።
ያን ወረቀት ግን ከማቀዝቀዣው በር ላይ አላነሣችውም፤
እንግዳ ሲመጣ በጣቷ እየዳበሰች
‹እዩዋቸው፣ ዳገት ይዘዋል፤
ሸክማቸውን አላወረዱም፤
ግን አልቆሙም› ትል ነበር።»

ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።
ትርንጎ ብዬ ጻፍኩ፤ አራት ፊደል።
ት፣ ር፣ ን፣ ሦስቱም ሳድስ፣
ጥርስ ነክሰው የሚሄዱ፤
ጎ ላይ ሲደርሱ ብቻ ከንፈር ይከብባል፣
የታፈነው ይወጣል።
ዕብራይስጡን፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በቀኟ አደረግሁት፣
ከወዲያ እየመጣ እንዲቀበላት።

ሾታ ወረቀቱን ከማሽኑ አነሣ። ለረጅም ጊዜ አየው።
ስለ ዋጋ ምንም አልተናገረም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል መናኸሪያው ግንብ ላይ ለጠፍነው።
ሽታዬ ማበጠሪያ እንደያዘች ከሩቅ አየችው፣
እልል ልትል አፏን ከፈተች።
ቀረበች። አነበበች።
አልዘጋችውም።