ብቻዎን

ቅጹን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ፤
ሃያ አራት ጥያቄ፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ።
“ብቻዎን ይበላሉ?” ብዬ ስጽፍ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠ፤
ቃሉ ወረቀቱ ላይ በሰላም ተኛ፤ ማንንም አላስደነገጠ።

በርገን፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዝናቡ መስኮቱን ያጥበዋል።
ጋሽ ንጋቱ ለፈተና የተጠሩ ይመስል ከረባት አስረዋል።
ነርሷ ሲግሪድ ፈገግ ብላ እስክሪብቶዋን መዘዘች፤
ወንበሬን ከሁለቱ መሀል ሳብኩ። ጀመረች።

“ብቻዎን ይበላሉ?”
                    ደነገጡ።
“እኔ? ብቻዬን? በስተርጅናዬ ይህን ነውር ከየት አመጡ?
ላይ ቤት ያለውን ፖላንዳዊ ሳልጠራ ሾርባ ቀምሼ አላውቅም፤
ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ እኔ እንዲያ መሞት አልፈቅድም።”
“ምን አሉ?” አለችኝ ሲግሪድ። ምን ልበላት?
“ብቻቸውን አይበሉም” አልኳት፤ እሷም ዜሮ ከበበችበት።

“ምግብ ያበስላሉ?”
“ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወጥ ቤት የገባሁት ክብሪት ፍለጋ ነው።”
ያልቻለውን ካልሞከረው የሚለይ፣ ቅጹ ሳጥን የለው።
ዜሮ።

“ስልክ መደወል ይችላሉ?”
                    “ለማን?” አሉ።

“ገንዘብዎን ራስዎ ይይዛሉ?” ዝም። መነጽራቸውን ወለወሉት።
ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ሠላሳ ዓመት ሳንቲም ሳይጎድል የቆጠሩት፣
የማታው ባቡር ሳይገባ ሒሳብ የዘጉት እሳቸው ነበሩ፤
አሁን ካርዱ በልጃቸው ቦርሳ ነው፤ አራቱ ቁጥሮች ተሰወሩ።
“የምወድሽ ታውቃለች” አሉ፤ ስሟን እንደ ደረሰኝ ቁጥር ቀስ ብለው ጠሩ።
ይህኛው አስተርጓሚ አልፈለገም። ሲግሪድም አንገቷን ደፋች፤
ዜሮዋን በዝግታ፣ እንዳያማት ይመስል፣ ክብ አድርጋ ጻፈች።

ድምሩ ከሃያ አራት ዘጠኝ።
በገዛ ብዕሬ ሽማግሌ ያዋረድኩ መስሎ ተሰማኝ።
ኅዳጉ ላይ “ብቻ ማለት እኮ በእኛ ዘንድ…” ብዬ ጀመርኩ፤
                    ኅዳጉ ጠበበኝ።

ልንወጣ ስንል ተነሡ፤ ካፖርቴን አለበሱኝ፤ ከዘራቸውን ያዙ፤
ሦስት ፎቅ፣ እያለከለኩ፣ ደረጃውን በቁጥር ተጓዙ።
“ሃያ ሰባተኛው ጎዶሎ ነው፣ እንዳያደናቅፋችሁ” አሉን፤
ጃንጥላውን ለሲግሪድ ሰጥተው፣ በዝናብ እስከ ፌርማታው ሸኙን።
“አውቶቡሱ ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ላይ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይዘገያል።”
ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። የባቡር ሰው ሰዓት መቼ ይስታል?

“እንግዳ ይሸኛሉ?” የሚል ጥያቄ ቅጹ ውስጥ አልነበረም፤
ቢኖር ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ፣ ሲግሪድም እኔም አናውቅም።

ከአውቶቡሱ ደጃፍ ሆኜ፣ ሳላስበው፣ “ብቻዎን ይመለሳሉ?” አልኳቸው።
“አንድ ጥያቄ ቀርቶሽ ነበር ለካ!” ሳቁ፤ ዝናብ አርሶታል ጺማቸው።
ከንፈራቸው ደግሞ ተንቀሳቀሰ።
በሩ ተዘግቶ ነበር፤ መልሱን መስታወቱ ዋጠው።