የቀለበት ጣት

ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ሰው በሰው ላይ ሞልቶ፣
ግራ እጄ በሩ ላይ ቀርቶ ተዘንግቶ፣
ረዳቱ «ሳበው!» አለ፣ ገጭ አርጎ በሩን፤
ከጩኸቴ በፊት ሰማሁ መሰበሩን።
ቀጭን የክብሪት ድምፅ፣ ሌላ ሰው ያልሰማው፤
ሕመሙ ዘግይቶ በእግሩ ነው የመጣው።

አጠገቤ ያለች ሴት «እስቲ አጠፍ አርጊው፤
ከታጠፈ ደህና ነው» አለች።
አጠፍኩት። ታጠፈ። አመንኳት።
አጥንት ተሰብሮም እንደሚታጠፍ ያኔ ማን ነግሮኝ!

አራዳ ችሎት በር፣ ከአጥሩ ጥግ በኩል፣
ጠረጴዛዬ አለች፣ ሦስት እግር ተኩል።
ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፤ መኪናዬ እየተንኳኳልኝ፣
የሰው ስብራት ነው በገጽ የሚከፈለኝ።
ያን ቀን ግን «ለተከበረው...» ብዬ ሳልጨርስ፣
ጣቴ አብጦ አብጦ ሁለት ቁልፍ ሲዳብስ፣
ባለጉዳዩ አየና «እናቴ፣ ይሄ ነገር
ለዳኛ አይደለም፣ ለሐኪም ነው የሚነገር።»

ጎረቤቴ ብርቅነሽ ወጌሻ ታውቃለች፤
«በቅቤ አሽቶ፣ በቀርከሃ አስሮ ይመልሰዋል» አለች።
የጋሽ ሽብሩን እጅ አልንቅም፣ የስንቱን ትከሻ መልሷል፤
ግን ውልቃትና ስብራት ከላይ ሲያዩት ይመሳሰላል፤
ሳያዩ ማሸት ያስፈራል።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ሲስተር ዘርትሁን አየችኝ፤
ስሜን ሳትጠይቅ ቀለበቴን ጠየቀችኝ።
«መቼ ነው የታሰረው?»
«አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።»
«አይ፣ ዛሬ ነው የታሰረው። ደሙን አንቆታል፤
ጫፉ ሳይጠቁር ይውጣ። ራጁ ይደርሳል።»
በሳሙና ሞከረች፣ በክር ሞከረች፣ እምቢ አለ።
«መቁረጫችን ዶልዱሟል፤ ከታች ወርቅ ሠሪ አለ።»

እጄን እንደሚምል ምስክር ወደ ላይ አንስቼ፣
በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ አገጬ ሥር ይዤ፣
ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወረድኩ።

የአቶ ስብሐቱ ሱቅ ከነመስኮቱ ፈርሶ፣
አሁን ደረጃ ሥር ነው፣ ጉልበቱን ለቦታው አሳንሶ።
በፀጉር መጋዝ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቆረጠው፤
ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጠው።
ዝም አለ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየው።
«ማን ነበር የገዛው?»
«ባለቤቴ። ነፍሱን ይማረው።»
«እንግዲህ... ነፍሱን ይማረው።
ላዩ ነው ወርቁ፤ ውስጡ መዳብ ነው።»

ሳቅሁ። ጣቴ እየነደደ፣ ደረጃ ሥር ተቀምጬ ሳቅሁ።
የዚያን ዘመን የመምህር ደሞዝ እኔም አውቃለሁ።
«አሥራ ስምንት ካራት» ሲለኝ ጆሮው እንዴት እንደቀላ!
በዓይን አፋርነት የጻፍኩለት ቅላት፣
ገባኝ አሁን ኋላ።

ራጁ ላይ አጥንቴ ነጭ ነው እንደ ጠመኔ፤
አንዲት መስመር አለች መሐሉ፣ ከፀጉር የሳሳች ለዓይኔ።
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ «አልተዛነፈም» አለኝ፤
ጀሶ ስጠብቅ ጎረቤት ሰጠኝ፦
የመሐል ጣቴን ከጎኑ፣ በመካከል ስስ ፋሻ፣
አጣብቆ አሰራቸው፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወጌሻ።
ያ ረጅሙ፣ ያ ኩሩው፣ አራት ሳምንት አስታማሚ ሆኖ፣
ሲተኛም ሲነሳም ከበሽተኛው ጋር ታስሮ።
ማታ እጄን በሁለት ትራስ፣ ከልቤ ከፍ አድርጌ፣
ባዶውን ቦታ አየዋለሁ፤
ቀለበቱ የነበረበት ቆዳ
ፀሐይ ያላየ፣ የሌላ ሴት ይመስላል።

ፋሻው ሲፈታ ግትር ሆነ፤ መዳፌን አልነካም አለ።
በሞቀ ውሃ፣ በቀን አምስቴ፣
እጠፊ፣ ዘርጊ፣ እጠፊ፤
ዛሬም ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ያስባል።

ትናንት አንድ ወጣት መጣ፤ ትራፊክ ቀጥቶታል፤
«ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፣ ጻፊልኝ» ይላል።
ድምፁን አወቅሁት። ያ «ሳበው!» ነው።
እሱ እኔን ከየት ያውቀኛል፣ በቀን ስንት እጅ ያልፋል በሩን።

በዘጠኝ ጣት ጻፍኩለት፤ አሥረኛው ቆሞ ያያል።
«ምን ሆኖ ነው?» አለ ሊሄድ ሲል።
«በር ነው» አልኩት።

ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። ጥቂት ቆመ። ከዚያ
ክፍት የቀረውን የጠረጴዛዬን መሳቢያ፣
ያ የተቆረጠው ቀለበት የተኛበትን፣
በሁለት ጣቱ፣ ቀስ አድርጎ ገፋው።