ቤት ሲነሳ

«መብራቱን ላጥፋው» ስል ወይዘሮ ትርንጎ
ሳቁ፤ «በጨለማ ማን ሊያየው ፈልጎ?»
«የአምፖል ብርሃን ቢጫ ነው፣ ግድግዳ ያሳምማል፤
መጋረጃው ይከፈት፤ ፀሐይ ይበቃናል።»

ሦስተኛ ፎቅ ነበር፣ ካዛንቺስ መሀል።
የደረጃው ሽታ፣ ደግነቱ፣ ፎቶ ላይ አይወጣም፤
ሊፍቱ መቆሙንም ማንም አያነሳም።

«ላንድ ለሁለት ሌሊት የሚያድር መንገደኛ
በስልኩ አይቶን ነው የሚመጣው ወደኛ፤
እስቲ አሳምርልኝ» አሉ፣ «በሞቴ፣ አደራ፤
ጡረታው እንደሆን ላስር ቀን አይሠራ።»

እኔም ሥራ ጀመርኩ።
ቢጫውን ጀሪካን ከበሩ አነሳሁ፤
የፍሪጁን ዳንቴል አጥፌ አነሳሁ፤
የባንኩን ካላንደር ከነምስማሩ አነሳሁ፤
የስኳር መድኃኒት፣ መነጽር፣ እጀታው የወለቀ ጃንጥላ፣
ያንድ እግር ካልሲ፣ ሁሉንም አነሳሁ።
የሠርጉን ፎቶ እንኳ ከግድግዳው አወረድኩ፤
ከኋላው የቀረውን ነጣ ያለ ካሬ በቅጠል ጋረድኩ።
«ይህን ሁሉ አንስተህ» አሉ እየታዘቡ፣
«ፎቶ አላነሳህም፤ ምንድን ነው ሐሳቡ?»

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦
እንግዳ የሰው ቤት አይደለም፣ ቤት ነው የሚፈልገው፤
ሰው የነበረበት ምልክት ነው የሚያሸሸው።
አልጋው አዲስ ደብተር፣ ትራሱ ሙልሙል ዳቦ፣
ፎጣው ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣ ሳሙናው ተውቦ።
ሦስት የላስቲክ ሎሚ አለኝ ከቦርሳዬ፣
በየማዕድ ቤቱ የሚዞር ከኋላዬ፤
ነጭ ሳህን ላይ ሳኖር
«እንግዳው ቢቆርጠውስ?» አሉ።
አልመለስኩም፤ ሌንስ እየቀየርኩ ነበር።

ሰፊው ሌንስ ይዋሻል፣ ግን በትሕትና ነው፤
ግድግዳውን ገፋ ወደ ኋላ የሚያደርገው
እንደ ጥሩ ጎረቤት «ፈቀቅ በል» ብሎ ነው።
አራት በአራት ሳሎን እልፍኝ ሆኖ ሰፋ፤
በሰፋውም መሀል ቀረ አንድ ሶፋ፣
ቆዳው የተላጠ፣
መሀሉ በአንድ ሰው ክብደት የሰመጠ።
«ይህስ?»
«የውብሸት ነው» አሉ። «እሱ አይነሳም።»
ከቦታው? ከፎቶው? ወይስ ከተኛበት?
ቃሉ አንድ ነው በኛ፤ አልጠየቅሁም፣ ዞርኩበት።

በመስኮቱ በኩል ክሬን ነው፣ ቆርቆሮ አጥር፣
ቀይ ጭቃ፣ የሲሚንቶ መኪና ሲያጓራ፣ ሲዞር።
መጋረጃውን ስቤ እኩሌታውን ዘጋሁ።
«ፀሐይ ይበቃናል ያልከው?» አሉኝ። አልሰማሁ።

ሰምቻለሁ እንጂ።
ከክሬኑ እግር ሥር አንድ ቧንቧ አለ፣
ግቢው ቢነሳም እሱ ቆሞ የዋለ፤
ስምንት አባወራ ለወረፋው የታገለ።
«ተነሺ» ነበር ስማችን በመዝገብ ሲጻፍ፤
ተነሳን፤ ቁምሳጥኑ በአይሱዙ፣ እኛ በሰልፍ።
ስንቱን ቤት ባነሳ፣ ስንቱን ባሳምርም፣
የኛ ቤት ሲነሳ ፎቶ አላነሳሁም።

ሳላስበው ኖሯል ጮክ ብዬ ያወራሁት።
ወይዘሮ ትርንጎ ዝም ብለው ሰሙኝ፤
መጋረጃውን ከፍተው ወደ መስኮቱ ጠሩኝ።
«የትኛው ነው?» አሉ።
ጠቆምኩ። ከጣቴ ወዲያ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።
«አዎ፣ አየሁት» አሉ።
አላዩትም። መነጽር አላደረጉም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ደመናው ተቀደደ፤
ብርሃን ወለሉን ታክኮ ነጎደ፤
ተንበርክኬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አሥር።
ሶፋውም ገባበት። ክሬኑም፣ ከጥግ፣ በግማሽ።

ስክሪኑን ሳሳያቸው መነጽር ፈለጉ፤
(ያነሳሁት እኔ ነኝ።)
ዓይናቸውን አጥብበው፣ አንገታቸውን አስግገው፣
«ውይ ሲያምር! የማን ነው?» አሉ፤ «አዳሩ ስንት ነው?»

ልመልስ ስል ቧንቧው ከግድግዳው ውስጥ አጓራ፤
በሦስተኛ ቀኑ ውሃ ነው የመጣው።
«ጀሪካኑ!» ብለው ብድግ አሉ እንደ ልጅ፤
«ቶሎ በል፣ ሳይሄድብን፤ የት ነው ያነሳኸው?»