አባል ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ግንፍሌ ጉም ለብሳ፣
ጮኸች ጥሩምባችን ሰፈሩን ቀስቅሳ።
«ማን ሞተ?» ይላሉ መስኮት በር ከፍተው፤
ጋሽ ዘውገ ያልፋሉ አንዴ ብቻ ነፍተው፦
«መናፈሻው ውስጥ ነው፣ ድንኳን ይዛችሁ ኑ፤
ቀብሩ እንኳን ገና ነው፣ አልተቆረጠም ቀኑ።»

ባለፈው ሐሙስ ነው ቆርቆሮው የመጣው፣
አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ የወጣው።
ዛፍ ተስሎበታል፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣
ወፍ የማታርፍበት፣ ልጅ የማይደገፍ።
ከቆርቆሮው ኋላ እውነተኛው ቆሟል፤
ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ታትሟል።

ወረዳ ሄድን፤ ወደ ክፍለ ከተማ ላኩን፤
ከመስኮት ስምንት ወደ መስኮት ሦስት፣
ሦስት መቶ ፊርማ በፌስታል ይዘን።
«ፎቁ ሲያልቅ» አለን አንድ ትሑት ልጅ፣
«ጣሪያው ላይ አረንጓዴ ቦታ አለው።»
ወይዘሮ ሲቲና ጉልበታቸውን ዳበሱ፦
«ስንተኛው ፎቅ ነው፣ ልጄ?»
«ሃያ ሁለተኛው።»

ማታ መምህር ኅሩይ የእድሩን ደንብ ገለጠ።
አንቀጽ ሰባት፦ አባል ሲሞት
ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን ይታዘናል።
«ዛፍ አባል ነው እንዴ?» አለ ገንዘብ ያዡ።
«እናድርገዋ!»

ስም፦ ዋርካ።
ዕድሜ፦ የሚያውቅ የለም።
የቤተሰብ ብዛት፦ ቁራ፣ እርግብ፣
እና ቤት ጠቧቸው ደብተር ይዘው የሚመጡ ልጆች
(አንዱ ነበርኩ፤ አልጀብራ የገባኝ እሱ ስር ነው)።
መዋጮ፦ ሃምሳ ብር፣ ከሲቲና መቀነት ተፈትቶ።
ከለቅሶ የቀረበት ቀን፦ የለም።
ሬሳ በዚህ መንገድ ባለፈ ቁጥር
ቆሞ ነው የሸኘው።

የቆርቆሮውን ሚስማር ነቅለን ድንኳን አስገባን።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ዶዘሩ ደረሰ፤
በሰንሰለት እግሩ አስፋልቱን አረሰ።
ኦፕሬተሩ ለጋ ነው፣ ጢሙ ያልጠና፤
ድንኳኑን አየ፣
ነጠላ ያዘቀዘቁትን አየ፣
ሞተሩን አጠፋ፣ ቆቡን አወለቀ።
«እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።
ንፍሮ ዘገንንለት። በላ።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ወደ ጋሽ ዘውገ ጆሮ ተጠጋ፦
«ሟቹ ማናቸው?»
ጋሽ ዘውገ ቀና ብለው ቅጠሉን አዩና፣
«አንተን ነው የምንጠብቅ» አሉት፣ «አልሞተም ገና።»

ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው።
ኅሩይ ደንብ ለማሻሻል ጉባኤ ጠርቷል፤
«ሦስት» የሚለው «አርባ» ይባል ያሉ አሉ፣
ሙት ዓመቱም ይታሰብ ያሉ አሉ፤
ገንዘብ ያዡ ስለ ንፍሮው ወጪ ያጉረመርማል።
የዶዘሩ አካፋ ላይ ሁለት ቅጠል ወድቋል።
የልጁ ስልክ ጮኸ። አለቃው ነው።
ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፉ አየ፤
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ለቅሶ ላይ ነኝ» አለ።