አስራ ስምንት ጊዜ መቆም

ሐሙስ ማታ ነው፤ የሙሐረቅ ሙቀት ከግድግዳው ገና አልወጣም፣
አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ፣ ቢጨምቁት ውሃው አይታጣም።
አንሶላውን ወጥሬ ሰቀልኩ፣ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት፣
ፕሮጀክተሩን ከቁም ሳጥን ታቅፌ አወጣሁት።
ክብደቱ የወር ግልገል ያህላል፤ ብረት ነው ሁለመናው፤
ቀለሙ ነው እንጂ የለቀቀው፣ አልጎደለም ጤናው።

አቡ ነዋፍ ወንበሩ ላይ ነው፣ እጁን በእጁ አቅፎ፣
ቀኙ ሲንቀጠቀጥ ግራው ያባብለዋል፣ እንደ ሕፃን ደግፎ።
«እኔ ልንቀጥቀጥ» ይለኛል፣ «አርጅቻለሁ፣ ግድ የለም፤
እሷ ግን አትንቀጥቀጥ፤ መንቀጥቀጥ ልማዷ አልነበረም።»

እሷ ማለት ሚስቱ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ከሞተች።
ፊልሙ ውስጥ ግን ጀልባ ላይ ናት፣
ሻሿን ነፋስ ሲቀማት ትስቃለች።
ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።
ከዚያ በላይ አልተረፈችም።

ካቻምና ልጁ ነዋፍ «ይሻላል» ብሎ ሌላ አመጣ፣
ከላይ የሚያብለጨልጭ፣ ከዱባይ ገበያ የወጣ፣
ቀሊል፣ ባለ እጀታ፣ ፊልሙን ራሱ የሚጎርስ፤
አንድ በጋ አልዘለቀም፤ ተሰነጠቀ የፕላስቲኩ ጥርስ።
የሴትዮዋ ፊት ዘለለ፣ በሚፈላ ድስት ላይ እንዳለ ክዳን፤
ሽማግሌው ዓይኑን ሸፈነ፤ «አጥፊው» አለኝ፣ «በቃን።»

ያኔ ነው አሮጌውን ብረት በፌስታል ጠቅልዬ፣
በአውቶቡስ ማናማ የወሰድኩት፣ እንደ ታማሚ ልጅ አዝዬ።
ኩሪየን ይባላል፤ የኬረላ ሰው፣ ሰዓትና ራዲዮ ጠጋኝ፣
መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።
ላስቲኩ ሬንጅ መስሏል፤ በዚህ አገር ላስቲክ ሁሉ ይቀልጣል።
«ይህ ምንም አይደል» አለ፣ «ላስቲክ ይለወጣል።
ብረቱን የጠማው ዘይት ነው፤ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል፤
አብዝተሽ ካጠጣሽው ግን ፊልሙን ያቆሽሸዋል።»

ከዚያ በሩን ከፈተልኝ፣ ፊልሙ የሚያልፍበትን ጠባብ በር፤
አንዲት ጥፍር አሳየኝ፣ ስንዴ የምታክል፣
የጎኑን ቀዳዳ ይዛ የምትስብ ሳትሰበር።
«ጨለማ ሲሆን ትስባለች፤ ብርሃን ሲመጣ ትሸሸጋለች፤
በሰከንድ አስራ ስምንት ጊዜ ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች።
ሰው ሁሉ ተንቀሳቀሰች ይላል፤ የሚያየው ግን መቆሟን ነው፤
ጉተታውን፣ ልፋቱን፣ የሚሸፍነው ጨለማው ነው።»

ዝም አልኩ። ይህን ሥራ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የራሰ አንሶላ እለውጣለሁ።
ጠዋት ነዋፍ ብቅ ብሎ «አባቴ አምሮበታል» ይላል፣ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ፤
ምስሉን ነው የሚያየው፤ ጥፍሯን አይቷት አያውቅም፣ ስትለፋ።

ኩሪየን አልጨረሰም። «ከበሩ በላይና በታች» አለ፣ «ላላ አድርገሽ ተይለት፤
ጣትሽን የምታሾልኪበት ያህል። ወጥረሽ አትጎትቺበት።
የተወጠረ ፊልም ይዘላል፤ ቀዳዳውም ይቀደዳል።
እነዚህ ሽማግሌ ማሽኖች ለምን የቆዩ ይመስልሻል?»

ማታ ደረሰኙን ለነዋፍ ሰጠሁት፤ አምስት ዲናር ይላል።
«ዓርብ ዓርብ እወጣለሁ» አልኩት፤ «አለዚያ ምስሉ ይዘላል።»
አልገባውም።
ግን ፈቀደ።

አሁን መብራቱን አጠፋሁ። ትክትክታው ጀመረ።
ከጥቅልሉ አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ ወጣ።
ብረቱ ደህና ነው፤ ፊልሙ ነው መኮምጠጥ የጀመረ፤
ለሽማግሌው አልነገርኩትም። አፍንጫ ግን አለው።

ጀልባዋ መጣች። አድማሱ በማስመሪያ እንደ ተሰመረ ቀጥ አለ፤
ሻሹን ነፋስ ሲወስደው፣ እንደ ወትሮው «ያዢው!» አለ።
አልያዘችውም። ሳቀች።
እጁን ወደ ብርሃኑ ዘረጋ፤ የጣቶቹ ጥላ አንሶላው ላይ አረፈ፣
ይንቀጠቀጣል፣ ይርገበገባል፣ ከትከሻዋ አጠገብ፤
እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ጭራው አለቀ። ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ።
«እንደገና» አለኝ።
ላላ አድርጌ ገጠምኩት።