አርባ ደቂቃ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሰዉ ለአውቶቡስ ሰልፍ በሌሊት ሲነቃ፣
እናት ለመርካቶ፣ አባት ለጥበቃ፣
ልጁ ለእኔ ነበር፣ ከነምሳ ዕቃ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ፊደልና ስሌት፣ ሥዕልና ሩጫ
ከአንድ አፍ ነው የሰሙት፣ ሳይኖራቸው ምርጫ።
ጉንፋን የያዘኝ ቀን ሒሳቡ ያስላል፣
አካባቢ ሳይንሱ «እህ፣ እህ» ይላል።

ግን አውቃቸው ነበር፦
ሰሚራ ሳቅ ስታበዛ ሽንቷ መምጣቱን፣
ቶልቻ ዝም ሲል ቁርስ አለመብላቱን፣
ጌታነህ የእርሳሱን ቂጥ ሲያኝክ፣ ማታ አባቱ
ጠጥቶ መግባቱን።

መስከረም ላይ አዲሱ ርዕሰ መምህር
በሳጥን በሳጥን የተሰመረ ወረቀት ለጠፈ።
በየአርባ ደቂቃው መምህር ይቀየራል፤
ሁሉም በሠለጠነበት ያስተምራል፤
ሒሳብ ለገመቹ፣ እንግሊዝኛ ለፍሬሰንበት፣
ለእኔ አማርኛ።
ግቢ ሙሉ ቤት ከነጓሮው ነበረኝ፤
እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ስቱዲዮ ደረሰኝ።

«የሰባት ዓመት ልጅ» አልኩ፣ «አምስት ሰው ይልመድ?
የጫማው ክር ሲፈታስ በማን ክፍለ ጊዜ ይታሰር?»
«በስፖርት» አለኝ፣ ሰዓቱን እያየ።

ደወላችን የሲኖትራክ ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በፌሮ ይመታዋል።
መጀመሪያ የመታው ቀን
ደብተሬን ይዤ ስወጣ፣ ሃምሳ ሁለት ልጅ
ቦርሳውን አንጠልጥሎ ተከተለኝ፣
እንደ ጫጩት፣ በጭቃው ላይ፣ እስከ አራተኛ «ሀ» በር።
መመለስ አቃተኝ። መመለስም አልፈለግኩም ነበር።

እውነት ለመናገር፣ ማካፈል ሲመጣ ሆዴ ይፈራል፤
ቀሪ ያለው ሲሆንማ፣ ክፍሉ በሙሉ መዝሙር ይዘምራል።
ይህን ለርዕሰ መምህሩ አልነገርኩትም።

ኅዳር ላይ ገመቹ፣ መምህራን ክፍል ሻይ እየቀዳ፣
«ያቺ የጥጓ ልጅ፣ ለሊሴ፣ እሳት ናት!» አለ።
ሳቅኩ። አምና ካርዷ ላይ በእጄ የጻፍኩትን አስታወስኩ፦
«ጨዋ ናት። ግን ቀርፋፋ።»
ሄጄ በመስኮት አየሁ።
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...
ጣቷ ሳይታጠፍ መልሱ ሰሌዳው ላይ ደረሰ።
እኔ ስጠይቃት በአማርኛ ሰምታ፣
በእናቷ ቋንቋ አስልታ፣
ወደ አማርኛ መልሳ፣
ልትናገር አፏን ስትከፍት
እኔ ሌላ ልጅ ጠርቼ ነበር።
ቀርፋፋ አልነበረችም። ተርጓሚ ነበረች።
የሰጠኋት አንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱም ቸኩሏል።

እንግዲህ «አንድ ይብቃ» ወይ «ይብዛ» በሉኝ።
በዚያው ሳምንት ጌታነህ
በቀትር ፀሐይ ሹራቡን ሳያወልቅ አምስት ቀን ሰነበተ።
አምስታችንም አየነው።
ፍሬሰንበት፣ ለገመቹ ነግሮታል ብላ፣
ገመቹ፣ እኔ አውቀዋለሁ ብሎ፣
እኔ... የእኔ ሰዓት አልቆ ነበር።
አርባ በአምስት ሁለት መቶ ደቂቃ፣ ለሊሴ በቃሏ ትለዋለች፤
አንድ እጅጌ ለመሰብሰብ ግን አልበቃም።
ዓርብ ማታ ያየችለት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

ቅዳሜ ወላጆች ተሰበሰቡ። አንዲት እናት፣ ታክሲ እንዳያመልጣት የቸኮለች፣
«የልጄ አስተማሪ የትኛችሁ ናችሁ?» አለች።
አምስታችንም ተነሳን።
ከዚያ፣ እርስ በርስ ተያይተን፣ ተቀመጥን።

ድምፅ ስጡ ተባልን። ወረቀቱ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤
ጫፉን ብስኩት አርሶታል።
ዛሬ ቸርኬው ሲጮህ ቶልቻ እግሩን ዘረጋልኝ፤ ክሩ ተፈቷል።
ተንበረከክኩ። ገመቹ ጠመኔውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤
የእሱ ደቂቃ እየሄደ ነው።
ቆየ። ከዚያ መጥቶ
በሌላኛው እግር በኩል ቁጢጥ አለ።