ሁለት ከሰባት

ሥራዬ ቀላል ነበር፤ በየማለዳው
የዕለቱን ምንዛሪ መጻፍ ከሰሌዳው።
ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ በሦስት እግር የተቀመጠ፣
አንድ ጥጉ በጅማ ዝናብ ያበጠ።
አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ ሁለት ከሰባት።
ሰኞም ሁለት ከሰባት። አርብም ሁለት ከሰባት።
የምጠርገው ጠፍቶ ዳስተሩ ደረቀ፤
ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ተፈጭቶ አለቀ።

ሥራ አስኪያጃችን፣ አቶ ዘውገ ቡታ፣
ሻያቸው ቀዝቅዞ አጫወቱኝ ማታ።
«ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ ተራራ ሥር ካለ ሆቴል፣
የዓለም ሹማምንት መከሩ ስለ ገንዘብ ዕድል፤
የእኛም ሰው ነበሩ፣ ከወንበሮቹ ባንዱ።
ገንዘብ እንደ በቅሎ ችካል ይኑረው፤ ገመዱ
ይላላ ይጥበቅ እንጂ አይበጠስ አሉ።
ብር በዶላር ታስሮ፣ ዶላር በወርቅ ውሉ።»

አባቴ ሂርማታ ላይ፣ ጠገራ በድንጋይ አንኳኩቶ፣
ነበር ብር የሚያምን፣ ድምፁን በጆሮው ሰምቶ።
ወረቀት ግን አይጮህም። ቃል ነው የያዘው።

«ለምን?» አልኳቸው። ብርጭቆውን አዞሩ።
«ለሥራ ነዋ! ሰው ሁሉ እንዲሠራ ባገሩ።
ሥራ ፈት ሲበዛ ነው ጦር የሚመዘዝ ብለው
ሁለት ቃል ጻፉ፣ አንቺ ልጅ፣ ጎን ለጎን አስተካክለው፤
የጸና ገንዘብ አንድ። ለሰው ሁሉ ሥራ ሁለት።»
ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ዘበኛ እንዳይሰማ ድንገት፦
«በቅሎዋማ ከሄደች ቆየች፣ ከወርቁ ተፈትታ፤
እኛ ነን ችካል ጠባቂ፣ ጠዋትና ማታ።»

በማግስቱ ስወጣ፣ ጠመኔ ይዤ ለወጉ፣
ከማዶ ቡና መጋዘን፣ ካጥሩ የተጠጉ
ሰዎች አየሁ። ሁልጊዜ አያቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን አየሁ።
ጧሃ አባ ፊጣ፣ ጥር ላይ ጆንያ ያጎበጠው ትከሻ፣
ሐምሌ ላይ ግድግዳ ተደግፎ እስከ ማምሻ።
ዲምቱ፣ ሎሚቱ፣ ዘሃራ፣ ብልሹ ፍሬ ለቃሚ፣
ዛሬ ግን ከዘበኛው አፍ አንዲት ቃል ለቃሚ።
«የለም» አለ ዘበኛው። በጭቃው ተመለሱ፤
አዌቱ ሞልቶ ይጮሃል፣ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ።

ሰሌዳውን ገልብጬ ከጀርባው ጻፍኩኝ፦ አርባ አንድ።
በነጋታው ሃምሳ ሦስት። ቅዳሜ ሠላሳ። ሰኞ ሰባ ካንድ።
ይኸኛው ቁጥር አይተኛም፤ ዳስተሬ ረጠበ፣
ጠመኔ በወር ሁለቴ ከዕቃ ክፍል ቀረበ።
አቶ ዘውገ አዩት። «ይሄ የምን ምንዛሪ?» አሉ።
ዝም አልኩ። መነጽራቸውን ጠርገው፣ ሰሌዳውን ሳይነኩ ዋሉ።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ባንኩ በር ላይ መብራት አለ፣
ቁጥሩ በየጠዋቱ የሚዘል፣ ትናንት ያለውን ያላለ።
ሰው ያነበዋል አንገቱን አስግጎ፣
ያላመነ እንደሁ ስልኩ ላይ ፈልጎ።
ካደባባዩ ጥግ አካፋ የያዘ ልጅ ቆሟል፤
የጧሃ የልጅ ልጅ ነው፣ ትከሻው ያስታውቃል።
መኪና ቆመ። ሦስት ሰው ጫነ። ሄደ። እሱ ቀረ።
እኔም አለፍኩ፤ ጣቴ ግን፣ ኪሴ ውስጥ፣ ቆጠረ።